ስክሬፐሩ እንዲዞር የእትዬ ትርፊት እንሰት አይቆረጥም

ለክቡር አቶ አጵሎስ
የገጠር መንገድ ማሽን መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነኮሚቴዎ፣ ከነተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከሆሳዕና ወጣ ብለን በፈረስ ጋሪ ብቻ የሚደረስብን የላይ ሰፈር ሰዎች ለጊዜው ደህና ነን፤ ከሰኞ በኋላ ስለሚኖረን ጤንነት ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እኔ ኤሊያስ እባላለሁ። ትምህርትና እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ በሰላም ስለተለያየን፣ ደብዳቤዬ ውስጥ ስህተት ካገኙ የራስዎን የማሽን ምርጫ እንዳለፉት ሁሉ አይተው እንዳላዩ ይለፉት።

በቅድሚያ ምስጋና። አምቡላንስ ሰፈራችን ድረስ እንዲገባ ዳገታችን ተቆርጦ ጎድጓዳው እንዲሞላ በመወሰንዎ፣ ለዚህም በትራክተር የሚጎተት፣ አፈሩን ፍቆ በሆዱ ይዞ ሄዶ የሚደፋ ስክሬፐር በመላክዎ እናመሰግናለን። ግቢዎ ውስጥ ትንሹም ትልቁም ጎን ለጎን ቆመው ሳለ ትልቁን መምረጥዎ ምን ያህል እንደሚያከብሩን ያሳያል። «ለምረቃው ሪባን ሲታሰርበት ፎቶ የሚሞላው ይሄኛው ነው» ብለዋል አሉ። እውነትዎን ነው፣ ፎቶ ይሞላል። መንገዳችንንም ሞልቶት ከብቶቻችን ማለፊያ አጥተዋል።

አሁን ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮ ቁጥር እንደሚወድ ሰምቻለሁ።

፩ኛ፦ ይህን የሚያህል ስክሬፐር እንዲጎትት የሰጡን ስንዴ የሚያርሰውን ትራክተር ነው። ስክሬፐሩ አፈር ሲሞላ የትራክተሩ የፊት ጎማዎች፣ በመዝሙር ሰዓት እጅ እንደሚነሳው፣ ወደ ሰማይ ይነሳሉ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተጎታቹ ጎታቹን እየገፋ ይነዳዋል። ሾፌሩ ፈትሁዲን ዘሎ ወርዶ፣ «ወላሂ፣ ማን ማንን እየነዳ እንደሆነ ሳትነግሩኝ ዳግም አልወጣበትም!» አለ። እኛም ጥያቄውን ይኸው ወደ እርስዎ መርተነዋል።

፪ኛ፦ የኮሚቴዎ ባለሙያዎች ቦታውን ሊያጠኑ የመጡ ዕለት ፒካፓቸው ዳገቱ ሥር ስለቀረ፣ በጎረቤታችን በዳኘ ጋሪ ተሳፍረው ነበር የወጡት። መንገዱ የሚያበቃው እትዬ ትርፊት ደጅ ነው። ዳኘ እዚያ ሲደርስ እንደ ልማዱ ፈረሱን ጎተት አድርጎ ጋሪውን ባለበት አዞረላቸው። እነሱም ደስ ብሏቸው «የመዞሪያ ቦታው በቂ ነው» ብለው ጻፉ። ክቡርነትዎ፣ የዞረው እኮ ጋሪ ነው! ትራክተር ከነስክሬፐሩ በዚያች ደጅ ቢዞር ግማሹ እትዬ ትርፊት ጓዳ ገብቶ ምሳ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ያንን ፈረስ «ኢንጂነር» እያልን ስንጠራው፣ ዳኘ «በፈረሴ አትቀልዱ፣ እሱ የሚዞርበትን ያውቃል» ብሎ ተቆጥቶናል።

፫ኛ፦ እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ማሽኑ መዞር ስላቃተው የእትዬ ትርፊት እንሰት ሰኞ ተቆርጦ ቦታው እንዲለቀቅ አዘዋል። ባሏን የቀበረች ሴት ናት፤ ከጓሮዋ ሌላ መሬት የላትም። እንሰቱን ከችግኝ ጀምራ ከቦታ ቦታ እያዛወረች፣ ፍግ እያለበሰች፣ ለዓመታት ከልጆቿ እኩል ያሳደገችው ነው። «በምትኩ ችግኝ እንሰጥሻለን» አሏት ሰዎችዎ። ችግኙ እስኪደርስ ልጆቿ ምን ይብሉ፣ የምረቃውን ሪባን? እሷ በሀዲይኛ የመለሰችላቸውን ወደ አማርኛ ሳመጣው በጣም ለስልሶ «መዞር ያቃተው እሱ፣ የምቆረጠው እኔ?» የሚል ሆኗል። ያልለሰለሰውን ከፈለጉ መጥተው ይስሙ።

ስለዚህ በታላቅ ትህትና፣ አንታዘዝም። መንገዱን እንፈልገዋለን፤ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ የምናወርድ እኛው ነንና። ነገር ግን ትንሹን ስክሬፐር ይላኩልን። ግቢዎ ድረስ መጥተን በገመድ ለክተነዋል። ዘበኛው «ምን ትሠራላችሁ?» ሲለን «ሱሪ ልናሰፋለት ነው» አልነው፤ ስቆ ተወን። በዚያው ገመድ ደጁን ብንለካው ትንሹ አንድም ቅጠል ሳይነካ ይዞራል፣ ያ ምስኪን ትራክተርም ይችለዋል። የሚይዘው አፈር ጥቂት ነው ካሉ፣ ይመላለሳላ! እኛስ ስንት ጊዜ ቢሮዎ ተመላለስን? «ትንሽ ማሽን ሰፈሩን ያሳንሳል» ለሚለው የኮሚቴዎ ስጋት፣ ትንሽነታችንን ችለን እንኖራለን።

በትልቁ ጸንተው ሰኞ ሊቆርጡ ከመጡ ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ እንሰቱ መሀል ተቀምጠን ያገኙናል። ለመነሳት አንቸኩልም።

ወገባችንን በአክብሮት አጉብጠን፣ እግራችንን ግን ካለበት ሳናነሳ፣ ዕድሜና ሰፊ የመዞሪያ ቦታ እንዲሰጥዎ የምንመኝልዎ፣

ኤሊያስ
በላይ ሰፈር ወጣቶች ስም

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ እትዬ ትርፊት ሰኞ ለሚመጡት ሰዎችዎ ከዚያው እንሰት ቆጮ ጋግራ፣ ከጎመን ጋር ልታቀርብላቸው ተዘጋጅታለች። «መጀመሪያ ይብሉ፤ ከዚያ እጃቸው እሺ ካላቸው ይቁረጡ» ብላለች። ለእርስዎም መቀመጫ አለ። ገጀራውን ግን ለሌላ ሰው ሳያሲዙ በራስዎ እጅ ይዘው ይምጡ።