የዘንድሮው የሀሮሴት ድንጋይ

ለእትዬ ቢንቨኒዳ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ሻል አለው? ማርሴይ ብርዱ ለቀቃችሁ? እኛ በሕይወት አለን፤ እኔም፣ ባለቤቴ ኦሮም፣ ሁለቱም ልጆች፣ ሬይናና ሊያቾ። ይህን ያስቀደምኩት እንዳትደነግጪ ነው። የቀረውን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

በቂጣው በዓል ዋዜማ ሬይና መስኮቱ ሥር ሀሮሴቱን፣ የበዓሉን ጣፋጭ፣ ትወቅጣለች። ቴምሩ፣ ዘቢቡ፣ ለውዙ ገብቷል። የቀረው ወይኑና አባባ ከወደብ ለቅሞ፣ ፈጭቶ ጣል ያደርጋት የነበረችው፣ አሁን እኔ የምጨምራት ድንጋይ ነው፤ አባቶቻችን በግብፅ የረገጡትን ጭቃ እንድታስታውሰን። ሊያቾ "አባዬ፣ ዘንድሮ እንኳ ጥርሳችንን ማርልን" እያለ ይቀልድብኛል። ወዲያው ጩኸት ሰማን፤ ጡብ የሚያህል ድንጋይ መስታወቱን ሰብሮ ገባና የልጄን ቅንድብ ተረተረው። ደሟ ሙቀጫው ውስጥ ወረደ።

እትዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከቁስሏ በፊት ያየሁት ሙቀጫውን ነው። ውጭ ግሪኮቹ በእኛ በአይሁዶች ላይ የሚያወሩትን የቆየ ሐሰት፣ "የልጅ ደም በምግባችሁ ትቀላቅላላችሁ" እያሉ በሩን በመጥረቢያ ይፈልጡታል፤ እኛ ቤት ደግሞ ደም የነካው የበዓል ምግብ ተቀምጧል። ኦሮ ሁሉንም ምድጃው ውስጥ ገለበጠችው፤ ሙቀጫውን በቀሚሷ ጠረገች።

አራት ሆነው ገቡ። "ምንድን ነው የሚሸተው?" አላት አንዱ።

"ጣፋጭ አረረብኝ። ድንጋይ በመስኮት እየገባ ማን ያማስላል?" አለችው።

በጥፊ አጮላት። ሊያቾ ዘነዘናውን አንስቶ የሰውየውን መንጋጋ አወለቀው። ሁለቱ ወደቁበት፤ በዚያው ዘነዘና ቀኝ እጁን ሰባበሩት። እኔን አንዱ ግድግዳ ላይ አንቆኝ ነበር፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። የፖሊስ ፊሽካ ባይሰሙ ይገድሉት ነበር።

የጠፋው ይኸ ነው፦ በሩ፣ መስታወቱ፣ የእማማ ሰዓት። የሬይና ቅንድብ ተሰፍቷል። ሊያቾን ሐኪሙ "እጅህ ይድናል፣ ከባድ ነገር ግን አታነሳም" አለው፤ እሱ የወደብ ተሸካሚ ነው።

ከሐኪም ስንመለስ ኦሮ ድንጋዩን ከወለሉ አንስታ ፊቴ አስቀመጠችው። "ወደብ መውረዱ ቀረልህ፤ እቤት ድረስ አመጡልን" አለች። ሙቀጫውን በፈላ ውሃ አጠብኩ፤ ድንጋዩን አጥቤ ከጫፉ ሰብሬ ፈጨሁት፤ የተረፈውን ቴምር ወቀጥኩ። ማዕድ ላይ ጥርሳችን ውስጥ ተንቀጫቀጨ። ማንም አልተፋም። ሊያቾ ደገመ።

የግሪኮቹ ፋሲካ እሑድ ነው፤ ያን ሰሞን ይብስባቸዋልና እስኪያልፍ ከቤት አንወጣም። ከዚያ ሬይናን ልላክልሽ ወይ? እሺ ካልሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

ባልሽን ይሳቅን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ኤስትሬያን ሳሚልኝ። ለአማትሽ እጅ ንሺልኝ። ኦሮና ሬይና ይናፍቁሻል። ከስሜ በታች ያለው ጠማማ ጽሑፍ የሊያቾ ሰላምታ ነው፤ በግራ እጁ እየለመደ ነው።

ወንድምሽ አብራም

ተሰሎንቄ፣ ዓርብ፣ በአይሁድ አቆጣጠር ኒሳን 23 ቀን 5692