ዳማ አይሄድም

ማክሰኞ

አይሄድም። እትዬ አስካለ የፈለጉትን ይበሉ፣ ዳማ ከዚህ ግቢ አይወጣም።

ዛሬ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ተደበደበ። ስከፍት አከራዬ እትዬ አስካለ ቆመዋል፤ ራሳቸውን አልሸፈኑም፣ ፀጉራቸው ቅቤ በቅቤ ነው። "ሻሼን አምጪ!" አሉኝ፣ የሰረቅኩት እኔ ይመስል። ጓሮ ሄጄ ከሙዙ ሥር አገኘሁት። ጥጉ ታኝኳል፣ በለሃጭ ርሷል። ዳማ አጠገቡ ተጋድሞ ጅራቱን ይቆላልኛል። ይሄ ውሻ እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም።

ሻሹ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ባለፈው ሳምንት የፊት ለፊቱን ባለሱቅ የጋሼ ከድርን አንድ እግር የቆዳ ጫማ ወሰደ። ቀጥሎ ከማድቤታቸው የሥጋ መክተፊያውን እንጨት እየጎተተ አመጣ። ከእኔም ቤት የባሌን የታደሰን ቀበቶ በልቶታል። ቆሻሻ የምናጠራቅምበትን ማዳበሪያማ በየቀኑ ነው ዘርግፎ ግቢውን የሚያለብሰው።

የሚገርመኝ፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ነው ሌባ የሆነው።

እትዬ አስካለ ቁርጡን ነገሩኝ። "ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ያንቺው በበላበት ይሰርቃል። እሁድ ወንድሜ ከኖፓ ይመጣል፣ ይዞት ይሂድ። እዚያ ቡናው ውስጥ ጦጣ ያባርር።" ካልሆነ እኔም ሌላ ቤት እንድፈልግ።

ታደሰ ካረፈ ዓመቱ እንኳ አልሞላም። ከስፌት ቤት ስመለስ በር ላይ የሚጠብቀኝ ዳማ ብቻ ነው። እሱን ሰጥቼ ወደ ማን ልግባ?

ረቡዕ

ጦርነቱ ተጀመረ። ማዳበሪያው አፍ ላይ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። መጣ፣ አሸተተ፣ አስነጠሰው፣ ዓይኑ አነባ። ሳቅሁበት። ምን ዋጋ አለው፣ የመቱ ከተማ ሰማይ ከሰዓት የለመደውን ዝናብ አመጣና አጥቦት ሄደ። ሚጥሚጣዬም አለቀ።

ከዚያ ማዳበሪያውን አቮካዶው ላይ ሰቀልኩት። ዘለለ፣ አልደረሰበትም። እንደገና ዘለለ። ድል!

ማምሻውን የጋሼ ከድርን ሁለተኛውን ጫማ አምጥቶ ደጄ ላይ አኖረልኝ። ጥንዱ ሞላ።

ሐሙስ

አስሬው ሥራ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ውሏል አሉ። እትዬ አስካለ ስልክ ደወሉ፣ "ወይ ፍቺው ወይ አፉን ያዢ" ብለው ዘጉት። ደንበኛዬ ቀሚሷን እየለካች ነበር፤ ትቻት በባጃጅ መጣሁ። ገመዱ አንገቱን ልጦታል። ፈታሁት። ከእንግዲህ አላስረውም፣ ማንም እንዲያስረው አልፈቅድም።

ግን ምን ጎደለበት? እኔ የምበላውን ይበላል፦ እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በጎመን። ከእኔ ጋር ይጾማል። ታደሰ እያለም በየሁዳዴው ይጾም ነበር። ይህን ለሰው ሳወራ ደስ ይለኛል። የንስሐ አባቴ እንኳ ሰምተው ስቀው፣ "ከብዙዎቻችን ይሻላል" ብለውኛል። እንዲህ ያለ ውሻ እንዴት ሌባ ይሆናል? የሰው ዓይን አርፎበት ነው እላለሁ።

ዓርብ

ዛሬ የሰማሁትን ልጻፈው።

ጫማዎቹን ጠርጌ፣ ቀለም ቀብቼ ይቅርታ ልል ጋሼ ከድር ሱቅ ገባሁ። ሱቃቸው ከግቢያችን ፊት ለፊት፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ነው። በጎረምሳነታቸው ከአጋሮ መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። የተበላውን ጫማ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ "ሙሉ፣ ይሄን ውሻ ምን ታበይዋለሽ?" አሉኝ።

"ሽሮ" አልኳቸው።

"ሽሮ ብቻ? ማሎ፣ ምነው! እሱም ቆርቧል እንዴ?"

ጾሙን አስረዳኋቸው። ዳማ ድሮም የለመደው ነው አልኳቸው። ጫማውን አስቀመጡ። ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ነገሩኝ። ታደሰ በየሁዳዴው ከእሳቸው ቤት ጓሮ አጥንት እየወሰደ ዳማን ያበላው ነበር። "'ሙሉ እንዳትሰማ፣ ዳማ ይጾማል እያለች ትኮራለች' ይለኝ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ አንቺ የምታበይው መስሎኝ ዝም አልኩ።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ከዚያ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በስኳሩና በሳሙናው መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስለ ታደሰ እንዲህ ካለቀስኩ ቆይቻለሁ። ለውሻው አዘነ፣ ለእኔም ኩራት አዘነ፤ ለሁለታችንም ሲል ደብቆ ኖረ። እኔ ደግሞ ዳማን በረሃብ ስቀጣው፣ ቅባት የነካውን ሁሉ እያሸተተ ሲለቅም ሌባ አልኩት።

ጋሼ ከድር አጥንት በፌስታል ሰጡኝ። "ቀቅይለት፣ ካልተቀቀለ አያድርልሽም" አሉ።

ቅዳሜ

ቀቀልኩት። በሁዳዴ! ድስቴን ማስነካት ስላላስቻለኝ የዘይት ቆርቆሮ አጥቤ በረንዳዬ ላይ ከሰል አያያዝኩ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ዳማ ምድጃው ሥር ተቀምጦ እንደ ቅዳሴ አስቀዳሽ አልነቃነቅ አለ።

እትዬ አስካለ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው መጡ። "በጾም ሥጋ! ያውም የሙስሊም ሥጋ! ባልሽ ቢያይሽ ምን ይላል?"

"ያስጀመረው እሱ ነው" አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። "የሚበላው ዳማ ነው። ተቀምጠው ይዩት።"

"ሰው ግን አንቺ በላሽ ነው የሚለው። ማን ያምንሻል?"

"ማንም አይመነኝ፣ እትዬ። እግዜር አይቶኛል።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኪራይ ሲጨምሩብኝ እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው የማላውቅ ሴት። አፍንጫቸውን እንደያዙ ገቡ። እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝና ጠግቦም ይነካው እንደሆነ ልይ ብዬ፣ ማዳበሪያውን ከአቮካዶው አውርጄ አፉን እንዳሰርኩ መሬት ላይ፣ ዳማ አፍንጫ ሥር አስቀመጥኩት።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶች እያዩኝ ተንሾካሾኩ። ወሬ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ያዩኝ ዘንድ ቀና ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ። ልቤ ግን እቤት ነበር። ሰውየው ገመዱን ይዞ ቀድሞኝ ቢደርስስ?

ስመለስ የእትዬ አስካለ ወንድም በእርግጥም በር ላይ ቆሟል፣ ገመዱ ትከሻው ላይ። ዳማ ደጄ ላይ ተኝቷል። ሄጄ ከፊቱ ቆምኩ። "ቤቱንም እለቃለሁ" አልኩ። 

እትዬ አስካለ ወጡ። ማዳበሪያውን አዩ፤ አፉ እንደታሰረ ነው። ገመድ ላይ ያሰጡትን ሻሽ አዩ፤ ዝቅ ብሎ ይወዛወዛል፣ ዳማ ቢፈልግ ተኝቶ ይደርስበታል። 

"እስከ ፋሲካ እናየዋለን" አሉ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ "ግባ፣ ሽሮ አለ።" በራቸው ላይ ደርሰው ተመለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቆርቆሮውን ግን ክደኚው፣ ሙሉ። ሽታው እየፈተነኝ ነው" አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ምን እንደሚሉ አላውቅም፣ የዚያን ጊዜ ደግሞ እንታገላለን። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጠናል። እኔ ሽሮዬን እበላለሁ፣ ዳማ አጥንቱን ይቆረጥማል። በዚህ ቤት የሚጾም አንድ ሰው አለ፣ እሱም እኔ ነኝ።