የጥጃ ቤቱ ጢስ

ኅዳር ፲፪፣ ጎህ ሲቀድ

ዳዊቴን ሳልጨርስ ጠሩኝ። የሚካኤል ዕለት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልደረስኩም። ዛሬም ኮረብታ ላይ ነን። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ጣቴ ብዕር አልይዝ ብሎኛል፤ ብብቴ ሥር እያሞቅሁ ነው የምጽፍብህ፣ ወረቀቴ።

ሥራው ቀላል ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ከፍ ያለ ቦታ እንቆማለን። በዚህ ሰዓት ነፋስ የለም፤ ጢሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንድ ጢስ አንድ ቤት፣ አንድ ቤት አንድ ገባር። አበራ፣ የሻለቃው ወታደር፣ ጢስ ባየ ቁጥር አንድ ጠጠር አቁማዳው ውስጥ ይጥላል። ማታ እኔ ጠጠሩን ቆጥሬ ለሻለቃው እጽፋለሁ። ከዚያ ገባሩ ለወታደሩ ይደለደላል። እህል ይሰፍርለታል፣ ማር ያገባለታል፣ እንጨት ይሸከምለታል፣ ከሳምንቱም ቀን ከፍሎ ያርስለታል። መሬቱ ሰፊ ይሁን ጠባብ፣ ሰውየው በሬ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ የለም። ጢስ ብቻ። ሻለቃው ከላይ ሲታይ አያከራክርም ይላል።

ወዳጄ ቱኬ ግቢ ላይ አበራ ሁለት ጠጠር ጣለ። ኧረ አንድ ቤት ነው አልኩት። እጁን ዘረጋና አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ሁለት ጢስ። አንዱ ከቤቱ፣ አንዱ ከጥጃ ቤቱ።

የጥጃ ቤት ነው እኮ አልኩ።

ሳቀ። «እንግዲያው ጥጃም ይገብራላ፣ ጸሐፌ!»

አብሮን የቆመው ሌላው ወታደርም ሳቀ። እግ/ር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ።


ኅዳር ፲፬፣ ከሰዓት በኋላ

ከሮቤ ገበያ ስመለስ ቱኬ ዘንድ ጎራ አልኩ። ባለቤቴ ወለተ ጻድቅ ያረፈች ዓመት፣ ንዳድ ይዞኝ ጎባ የሚያየኝ ሰው ባጣሁ ጊዜ፣ ያስጠጋኝ እሱ ነው። ሚስቱ ዲምቱ ናት በወተት ያቆመችኝ። የእኔ ወገን አይደሉም፣ የእኔ ሃይማኖትም አይደሉም። ለእነሱ ሳልጸልይ የተኛሁበት ሌሊት ግን የለም።

የጥጃ ቤቱን ጢስ ጠየቅሁ። ዲምቱ የወተቱን ጮጮ የምታጥንበት ነው። የወይራ ፍም ታደርግበታለች፣ ወተቱ እንዳይበላሽ፣ ሽታውም እንዲጥም። እዚህ አገር የማያጥን ቤት የለም። ሌላው ሰው የሚያጥነው ቤቱ ውስጥ፣ እዚያው ምድጃው ላይ ነው። የቱኬ እናት ግን ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ጢስ ሲነካቸው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ለእሳቸው ብላ ነው እሳቱን ወደ ጥጃ ቤት ያወጣችው።

ይኸው ነው። ለአማቷ ስላዘነች ሁለት ቤት ሆነች።

ሁለት ጠጠር መጣሉን ነገርኳቸው። ቱኬ ቀስ ብሎ፣ ባልተቃና አማርኛው ጠየቀኝ፦ «ኦቦ፣ ለሁለተኛው ቤት ማን ያርሳል? እኔ አንድ ነኝ።»

ሻለቃውን እነግረዋለሁ አልኩ። ለምን አልኩ? እኔ ማን ነኝና።


ኅዳር ፲፭

ጾመ ነቢያት ገባ። ሆዴ ባዶ ሲሆን ድፍረት ያገኘሁ ይመስለኛል። ሄድኩ። ሻለቃው በቅሎውን እያስጫነ ነው። ሁሉን አስረዳሁት፤ ጮጮውን፣ ወይራውን፣ የአሮጊቷን ደረት። አላቋረጠኝም። ደግ ሰው ነው፣ ይህን ልመስክርለት።

ከዚያ ያለኝ ይህ ነው፦ ወታደሩ አስቀድሞ ተቆጥሯል። ለእያንዳንዱ አንድ ገባር ተብሏል፣ ቃል ወጥቷል። ጢሱ ለወታደሩ ሁሉ መዳረስ አለበት። አንድ ጠጠር ባወጣ አንድ ሰው ያለ ገባር ይቀራል፣ ያ ሰው ደግሞ ጠመንጃ ይዟል። «አንተ ትሆንልኛለህ ባዶ እጁን የሚቀረው?»

አሁን ነው የገባኝ። ከኮረብታው ላይ ሆነን ቤት የምንቆጥር ይመስለኝ ነበር። ለካ ስሌቱ የሚጀምረው ከእኛ አፍ ነው። በላተኛው ተቆጥሮ አልቋል፤ እኛ የምንወጣው የሚያበላውን ልናገኝለት ነው። ካነሰ ጥጃ ቤትም ቤት ይሆናል።

እንዳልከው ጌታዬ አልኩና ወጣሁ። ሌላ ምን እላለሁ?


ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን ማርያም

ቅዳሴ። ከቅዳሴ በኋላ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ስግደት ሰጡኝ፣ መቶ። ቱኬስ አልኳቸው። እያፈሩ ይመስላል፣ የአዲሱን መቅደስ ድንጋይ የሚሸከመውም በዚያው ጢስ የተቆጠረ ሰው ነው አሉኝ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ እኔም ከዚያው ነው የምበላው።»

ሰገድኩ። ጉልበቴ አመመኝ። ልቤ እንደ ነበረው ነው።


ኅዳር ፳፬፣ ማለዳ

ቱኬ ግቢ አንድ ጢስ ብቻ። ዲምቱ የጥጃ ቤቱን እሳት አጥፍታለች። ዘልዬ አበራን አየህ አልኩት።

አየሁ አለ። «አሁን አጠፋችው ማለት ነው፣ ጸሐፌ። ቆጠራው እኮ ያለፈ ነው። ነገ ሁሉም እያጠፋ ቢጠብቀን በውርጭ ቆመን ምን ልንቆጥር ነው?»

ቀትር ላይ ቤታቸው ደረስኩ። ማጠኑን ወደ ምድጃው መልሳዋለች። አሮጊቷ በሩ ላይ፣ ብርዱ ውስጥ፣ ደረታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሲያስሉ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። የዲምቱ ፊት አልፈታ አለኝ። እሳቱን መልሺው፣ ምንም አልጠቀመም አልኳት። ይህን ማለት ለእኔ ከበደኝ፤ ለእሷ መስማቱ እንዴት ይሆን።

ቱኬ እንደ ወትሮው አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልክ፣ አላለኝም። ወይም ብሎ አልሰማሁት ይሆናል። ብሎ ይሆናል።


ኅዳር ፳፱

ድልድል ሆነ። ሻለቃው ስም እየጠራ፣ ጢስ እየሰጠ። የቱኬ ቤት ለአበራ። ከዚያ ሳቅ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ደሞዝ የለህም፣ ዓመት ሙሉ በነጻ ጽፈህልኛል፣ ያችን የተከራከርክላትን ጢስ ወስደሃታል አለኝ።

የጥጃ ቤቱን! ለእኔ!

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አልፈልግም አልኩ። እሺ፣ ለአበራ ትደረብለታለች አለ። አበራ ቀና ብሎ አየኝ፣ ቀበቶውን አጠበቀ። አበራ ባለፈው ዓመት የተሰጠውን ገባር በምን እንዳሰረው አውቃለሁ።

ወሰድኳት። ወረቀቴ፣ ወሰድኳት። ከአበራ ላድናት ብዬ ነው? ወይስ ደግሞ ለመብላት? ዛሬ ሌሊቱን ራሴን ጠየቅሁ። አንዱን መልስ ስይዝ ሌላው ይሾልካል።


ታኅሣሥ ፫፣ በአታ

ቱኬን ምንም አታምጣ ብዬው ነበር። ከእኔ በኩል የምትፈራው የለም ብዬው ነበር። የረሳሁት ነገር፦ መልከኛም፣ ገባር የተሰጠው ሰው ማለት ነው፣ ለበላዩ ያገባል። ከእያንዳንዱ ጢስ ለአገር ገዥው ጎተራ ገብስና ማር ይፈለጋል። እኔን እንደማንም ይጠይቁኛል። በቅሎዬን ብሸጥ የዘንድሮን ይሸፍናል። የከርሞውን?

ዛሬ ዲምቱ ጎባ ድረስ መጣች። ከውጭ ቆመች። ግቢ አልኳት፣ አልገባ አለች። በወለተ ጻድቅ ለቅሶ ጊዜ ያው በር ላይ እንደ እህት ያለቀሰች ሴት፣ አሁን እጇን አጣምራ ዝቅ ብላ «ጎፍታ» አለችኝ። ጌታዬ ማለቷ ነው። እንዲህ አትበይኝ አልኩ። መሬት መሬት አየች።

ቅቤ አምጥታለች፣ በቅል ሙሉ። መልሺው አልኳት። ምንም እንዳላመጣን ጎረቤት ካየ፣ ለዚህ መልከኛ አይገብሩም ይባላል፣ ለሌላ አሳልፈው ይሰጡናል አለች። ትክክል ናት። ከእኔ ይልቅ ስሌቱ ገብቷታል።

ተቀበልኩ። ጾም ነው፣ አልቀምሰውም። ግን በእጄ ተቀብያለሁ። ልጆቿ የሚቀቡት የነበረ ቅቤ።


ታኅሣሥ ፯፣ ሥላሴ

ቱኬ የጥጃ ቤቱን ሊያፈርስ ነው ብለው ነገሩኝ። ቤቱም ቢፈርስ ጢሱ አይፈርስም። ይህን ሰው ይነግረዋል፣ ወይም ነግረውታል። ሌላም ሰማሁ፦ ከብቱን ይዞ ወደ ቆላው፣ ወደ ሶፍ ዑመር ሊወርድ ነው። ከእናቱ ጋር። በዚያ ደረት ያን ቁልቁለት! እሱ ከሄደ ሁለቱም ጢስ በጎረቤቶቹ ላይ ይከፋፈላል። እነሱም ይጠሉታል።

አምላኬ፣ ምን ላድርግ ብዬ ለመንኩ። አልተመለሰልኝም። ምናልባት መልሱ እኔው ዘንድ ሳለ ከሌላ በኩል የምጠብቅ ይሆናል።


ታኅሣሥ ፰፣ ሳይነጋ

ተኝቼ አላደርኩም። አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ፣ ሞኝነትም ይመስላል። ሁለተኛው ጢስ ሰው ይፈልጋል። ሰው የለውም። እኔ አለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ዘንድ አርሻለሁ፣ እጄ እርፍ አይረሳም። ብዕሩን ለሌላ ትቼ፣ ጥጃ ቤቱ አጠገብ ጎጆ ቀልሼ፣ የዚያ ጢስ ገባር እኔ ልሁን። ገብሱን አርሼ ላግባ። የሻለቃው ጸሐፊ ገባር ሆነ ብለው ይሥቁብኛል። አበራ የሚለውን ከአሁኑ እሰማዋለሁ። ሻለቃውም እሺ አይል ይሆናል፤ ስሌቱ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ቦታ የለውም።

ቱኬስ እሺ ይላል? አጠገቡ እንድቀመጥ ይፈልጋል? ይህን አልጠየቅሁትም። መጀመሪያ እሱን ነው መጠየቅ ያለብኝ። ከሻለቃው በፊት እሱን።

ፀሐይ ሳትወጣ እሄዳለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጠይቀው፣ አልገባም። እንቢ ካለኝ እንግዲህ በቅሎዬን ሸጬ የዘንድሮውን አገባለታለሁ።