በማኅተም ስለተማረችው ባለቤቴ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታሉ የሕሙማን ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ሳይንቋቋ፣ ጣትዎ ሳያብጥ፣ በር ሳይዘጋብዎ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔም ቆሽቴ ከማረሩና ሰው ካልደበደብኩ እንቅልፍ እንቢ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ጣቶቿን ስላሳበጣቸው፣ በየሳምንቱ ቤቷ ሆና ራሷን የምትወጋው መርፌ ታዘዘላት። እርስዎም ሕመምተኛ በግምት ራሱን እንዳያክም አስበው፣ ትምህርቱን ያልተከታተለ መድኃኒት አያገኝም የሚል መመሪያ አወጡ። መመሪያዎ ወርቅ ነው፤ ስለ አፈጻጸሙ ግን በትሕትና የማመለክተው አለኝ።

አንደኛ፣ መገጣጠሚያው ያበጠን ሕዝብ ወደ ትምህርቱ አዳራሽ በአንድ ጠባብ በር፣ ያውም አንዱ መዝጊያ ብቻ ተከፍቶለት እንዲገባ ማዘዝዎ ድንቅ ጥበብ ነው። ምርኩዝ ያለው በምርኩዙ፣ የሌለው በክርኑ ተደባደበ። አንዲት አሮጊት ፊታቸው ደም ለብሶ ሲወድቁ በላያቸው ተረማመድን። ከውስጥ በማይክሮፎን፣ መገጣጠሚያዎን ከግፊያና ከምት ይጠብቁ የሚል ምክር እየተቆራረጠ ይደርሰን ነበርና ከልብ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ መማራችንን የሚያረጋግጠው ማኅተም ከትምህርቱ በኋላ ሳይሆን ገና በሩ ላይ፣ በታማሚው እጅ ጀርባ ላይ እንዲመታ ማድረግዎ ጊዜ ቆጥቦልናል። ዘበኛዎ ማኅተሙን ሚስማር እንደሚመታ ሰው ያበጠ እጇ ላይ ሲያሳርፈው ባለቤቴ ጮኸች። አዳራሹ ሞልቶ ስለነበር «ተምረሻል፣ ዞር በይ!» ብሎ በሩን ሲወረውረው የመሃል ጣቷ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ቀረ። ጥፍሯ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘበኛውን አንቄ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት፤ ባልደረቦቹም ጎድኔን በዱላ አስተካከሉልኝ። መድኃኒቱ ግን ማኅተሙ ታይቶ ወዲያው ተሰጣት፤ ተምራለቻ!

ሦስተኛ፣ ጣቷ አመረቀዘ፣ ሰውነቷም በትኩሳት ነደደ። እኛም ትኩሳቱ በሽታው ሲለቅ ነው ብለን ደስ አለን፤ ቀኑ ደርሶ ነበርና መርፌዋንም ተወጋች። ራሷን ስታ ተሸክሜ ሳመጣት፣ ሐኪሞቹ እጇን ለማትረፍ ጣቷን ቆረጡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መርፌው የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ትኩሳት ወይም የሚያመረቅዝ ቁስል ሲኖር ሳይወጉ ፈጥኖ ሐኪም ጋ መምጣት እንደሚገባ አንዲት ነርስ ከዚያ በኋላ ነገረችን። ይህን ለመናገር የፈጀባት ጊዜ ዘበኛዎ በሩን ለመወርወር ከፈጀበት ብዙም አይበልጥም። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አራተኛ የለኝም፤ ሦስተኛው ይበቃኛል።

ስለ ትምህርትዎ ውለታ መላሽ ያድርገኝ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።
የዚያች የተማረች ሴት ባል፣
አናጢው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚቀጥለው ትምህርት ደጅ የቆመውም እንዲሰማ ብዬ የአዳራሹን በር ዛሬ ጠዋት ከነመቃኑ ነቅዬ ወስጄዋለሁ። ከፈለጉት ቤቴ ድረስ ይምጡ። ሲመጡ ግን እጅዎን ከኪስዎ አያውጡ፤ እኔም የምዘጋው በር አለኝ።