አውሬ ያጠጡ የነበሩት የአቶ ይልቃል ክፍሌ የሕይወት ታሪክ

በታናሽ እህታቸው በአሰጋሽ ክፍሌ ተጽፎ በቀብራቸው ዕለት የተነበበ

አቶ ይልቃል ክፍሌ ከአባታቸው ከአቶ ክፍሌ ኃይለጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በይፋት በ1917 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ደሴ ሄደው ጋራዥ ገቡ። መፍቻ ከማቀበል ተነስተው መንጃ ፈቃድ አወጡና የአሰብን መንገድ በፊያት ከነተሳቢው ለዓመታት ተመላለሱበት። ቀብር ላይ ሟች ሁሉ ገራም ነበር ይባላል። ወንድሜ ገራም አልነበሩም። ቁጡ ነበሩ፤ ቂም ከያዙም አይለቁም።

በ1954 ዓ.ም. አሰብ ላይ ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቸሩ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ይርጋለምንና ጥላነሽን ወለዱ። በ1958 ዓ.ም. መኪናቸው ተገልብጦ ቀኝ እግራቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም። ያን ጊዜ የአካባቢው የአፋር ሽማግሌ አቶ ሐምዳን ዳርዊሽ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአዲስ አበባው መንገድ ፈንጠር ያለ መሬት ፈቀዱላቸው። "ውሃ ካወጣህበት ላንተም ለእኛም ነው" አሏቸው። ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ጨው ጨው ቢልም ውሃ ወጣ።

በ1964 ዓ.ም. ዝናብ ቀረ። በተከታዩም ዓመት ቀረ። ሰውና ከብት ከጠጣ በኋላ ከገንዳው የሚንጠባጠበውን ሊልሱ የሜዳ ፍየሎች መጡ፤ ቀጥሎ ሰጎን መጣች፤ በመጨረሻም የዱር አህዮች ከሩቅ ቆመው ማየት ጀመሩ። ወንድሜ በርሜል ለሁለት ሰንጥቀው ከጉድጓዱ ራቅ አድርገው ቀበሩላቸው። ማታ ማታ እያነከሱ ይሞሉታል፤ ከዚያ ግራር ሥር ተቀምጠው አውሬዎቹ ሲጠጡ ያያሉ።

አቶ ሐምዳን "ይልቃል፣ ሰው እየተጠማ ለአውሬ?" ቢሏቸው፣ "ፍየሎችህ ጠጥተው የተረፈውን ነው። እሱን እንደሆነ አንተም አትጠጣውም፣ እኔም አልጠጣውም" አሉ። ሽማግሌው ሳቁ። አንዳንድ ቀን በርሜሉን ራሳቸው ሲሞሉ ይታዩ ነበር።

ከአህዮቹ አንዷ እርጉዝ ነበረች፤ እሷም ታነክሳለች። ወንድሜ "ባልደረባዬ" ይሏት ነበር።

በጥር 1965 ዓ.ም. ዓለሙ የሚባል የዕቃ አስተላላፊ በአውሮፕላን የመጡ እንግዶቹን በላንድሮቨር ለአደን ይዞ መጣ። አንቱታውን የተውኩት ረስቼ አይደለም። ጎህ ሲቀድ የእሾህ ቁጥቋጦ ጥግ አድፍጠው፣ እንስሳቱ አንገታቸውን ወደ ውሃው ሲደፉ ተኮሱባቸው። ወንድሜ እያነከሱ ሮጠው ሲደርሱ በርሜሉ በደም ቀልቷል፤ ባልደረባቸው አጠገቡ ወድቃለች።

"ምን ያስጮህሃል?" አለ ዓለሙ። "አውሬ ባለቤት የለው!"

"ባለቤት ባይኖረው ደም መላሽ አለው" አሉ ወንድሜ።

አቤት ቢሉ ሰሚ አጡ። ከሁሉ የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የተረፉት እንስሳት ውሃው ቅርብ መሆኑን እያወቁ ፈርተው ሳይጠጉ ቀሩ፤ ብዙዎቹ በርሜሉ ከሚታይበት ቦታ ላይ ወድቀው ሞቱ። ወንድሜ በድኖቹን እየዞሩ ድንጋይ ከመሩባቸው። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የወንድሜን ምንሽር ጥይት ዱቄት ውስጥ የደበቁት በዚያ ሰሞን ነው። ደግ አድርገዋል፤ ጥይት ቶሎ ይገላግላል።

በሰኔ፣ ሐሩሩ በበረታበት ወቅት፣ ዓለሙ እንደገና ብቻውን ለአደን ወጥቶ መኪናውን አሸዋ ዋጠበት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እየተንገዳገደ የወንድሜ ደጅ ደረሰ። "ውሃ" አለ።

ወንድሜ የጉድጓዱ ክዳን ላይ ተቀመጡ። በቅርቡ መመለስ የጀመሩትን አህዮች ከሩቅ አሳዩት። "እነሱ ቀድመውሃል፤ ተራ ያዝ። ቆመህ ካዩህ አይመጡም፤ ተኛ።"

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ "ኧረ ስለ ማርያም! ሰው እኮ ነው!" ብለው በእርጥብ ጨርቅ ከንፈሩን አበሱለት። ወንድሜ ከዚያ በላይ አልፈቀዱም። ዓለሙ መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ አህዮቹ መጥተው፣ ጠጥተው፣ እስኪሄዱ ጠበቀ። ከዚያም ተንበርክኮ ከዚያው በርሜል፣ እነሱ ካስተረፉት ጠጣ። ወንድሜ መንገድ ዳር አድርሰው የጭነት መኪና አስቆሙለት፤ ለሾፌሩም የሆነውን አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው እስከ ዛሬ ዓለሙን "ከአህያ ቀጥሎ" ይሉታል። ወንድሜ ይህን በሰሙ ቁጥር ልባቸው ይረካ ነበር፤ እኔም ስጽፈው ረክቻለሁ።

በኅዳር 1966 ዓ.ም. ጉድጓዱ ውስጥ ናፍታ ተደፍቶ ተገኘ። የደፋውን እጅ አላየንም፤ ማን እንዳስደፋው ግን አሰብ ያውቃል። ወንድሜ ማንንም አላስወርድም ብለው በገመድ ራሳቸው ወረዱ፤ ግድግዳውን ፍቀው፣ የተበከለውን ውሃ ቀድተው አወጡ። ጉድጓዱ ዳነ። የእሳቸው ደረት ግን በናፍታው ሽታ ተያዘ፤ ሳሉ እየጸና አልጋ ላይ ጣላቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 3 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻ የጠየቁት "በርሜሉ ተሞልቷል?" ብለው ነው። ተሞልቶ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከዓለሙ ቢሮ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ የአበባ ጉንጉን ደርሶን ነበር። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በር ላይ ተቀብለው ለአቶ ሐምዳን ፍየሎች ሰጡት፤ ሪባኑ ብቻ ቀርቷል። ይቅር በሉ የምትሉን ወዳጆች አላችሁ። ይቅርታው የሟቹ ነበር፤ እሳቸውም ሳይሉት ሄደዋል።

አቶ ይልቃል ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኔን እህታቸውንና ከወንድም የማይለዩዋቸውን አቶ ሐምዳንን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍት ውሃ ዘንድ ያሳርፍልን። ናፍታውን ላስደፋው ሰው ደግሞ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ፍርዱን በዓይናችን እንድናይ። አሜን።