የሰንበቴው ቤት ወለል

ልጄ ሕሊና፣ ቅዱስ ሚካኤል በሰው አገር በክንፉ ይጋርድሽ፤ ብርዱ አይድፈርሽ። እኛ ደኅና ነን። በቆሎው ዘንድሮ ያምራል፤ ቀይዋ ላምም ወልዳለች።

ያ አንቺ የምታጠኚው የፋብሪካ አመድ ግን አሳፈረኝ፣ ልጄ። ወንድምሽ አለበል የሰንበቴያችንን ቤት ወለል ሲሠራ፣ አንቺ በስልክ እንደ ነገርሽው ከቡሬ ፋብሪካ አመድ አስመጥቶ ከሲሚንቶው ጋር ቀላቀለ። ወለሉ ብዙም ሳይቆይ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። «የአስካለ ልጅ ውጭ አገር ሆና አመድ ላይ አስቀመጠችን» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምስመው ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ነው።

ባለፈው እሑድ አለበል ራሱ ማኅበርተኛው ፊት ቆመ። «እኅቴ ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ አመድ አድርግ ብላኝ ነበር። ሲሚንቶው ሲያጥረኝ አመዱን ከሲሚንቶው እኩል ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ። ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ።

መሪጌታ ቴዎፍሎስ «እንግዲያው አፍርሰህ በልኩ ሥራው» አሉት።

አደራሽን አትቆጪው። ደውለሽ ልኩን እንደገና አስረጂው። ነገ ማፍረስ ይጀምራል። ውኃውን የማመላልስለት እኔ ነኝ፤ ሰው እያየው ብቻውን ከሚያፍር አብረን እንፈር ብዬ።

እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ያጽናልሽ።

እናትሽ አስካለ ማርያም