የሀፍሷን እጅ ሳያዩ ለፈረሙት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ፈለቀ፣
የኤምባሲው የዜጎች ጉዳይ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ያልተበላሸ፣ ልጆችዎም በሰላም ወጥተው በሰላም የሚገቡ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኛም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ባንሆን ኖሮ ይህን ያህል በትሕትና ባልጻፍን ነበር። እኔ ባህረዲን እባላለሁ፤ አንዋር መስጊድ ጀርባ ጨርቅ እሸጣለሁ። እርስዎ ባሉባት ሀብታም ከተማ የቤት ሠራተኛ ሆና ስትኖር፣ በኢድ ዋዜማ ከአምስተኛ ፎቅ ወድቃ የሞተችው የሀፍሷ አባት ነኝ። በግል የጻፍኩልዎ ሦስት ደብዳቤዎች የጽሑፍ መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ከሰው ጋር ማንበብ ይወዱ ይሆናል ብዬ ይህን አራተኛውን ለጋዜጣ ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዕድሜዋ። በላኩልን የሐዘን መግለጫ ልጄን «የሃያ አምስት ዓመት ወጣት» ብለዋታል። እናቷ ረሂማ የወለደቻት ግን የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ነው። ቡታጅራ አክስቴ ጋ ልሂድ ብላን በደላላ እጅ ከአገር እንደወጣች፣ ደላላውም ፓስፖርቷ ላይ ስምንት ዓመት እንደጨመረባት ለቢሮዎ ያመለከትነው እሷ በሕይወት ሳለች ነበር። መቼም ልጁ ቶሎ እንድታድግለት የማይመኝ ወላጅ የለም፤ እኛ አሥራ ሰባት ዓመት የለፋንበትን እርስዎ በአንድ መስመር ስለጨረሱልን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሳጥኑ። አስከሬኗ በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ፣ ሐዘናችን እንዳይበረታብን አስበው ሳጥኑ ላይ «እንዳይከፈት» የሚል ወረቀት አስለጥፈውልን ነበር። በዚህ ደግነትዎ ውስጥ የተዘነጋችው ነገር አንዲት ብቻ ናት፤ እኛ ሙስሊሞች ነን። በእኛ ወግ ሟች ታጥቦ፣ ተከፍኖ አፈር ይለብሳል እንጂ በሳጥን ታሽጎ አይቀበርም። ስለዚህ ምክርዎን ንቀን ሳይሆን ልጃችንን መቅበር ስለነበረብን ከፈትነው። ያጠቧትም ረሂማና ታላቅ እህቴ ሰአዳ ናቸው።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። የሞቷን ምክንያት «በአገር ናፍቆት ተጨንቃ ራሷን ከሰገነት ወረወረች» ብለው ፈርመዋል። ናፍቆት ሰው እንደሚገድል ረሂማ የሰማችው ከእርስዎ ነው፤ እሷስ ይኸው ናፍቆት ይዟት እስካሁን በሕይወት አለች። በእምነታችን ራስን ማጥፋት ከባድ ኃጢአት መሆኑን ሳያውቁት አይቀሩም። ያቺን መስመር ከጻፉ ወዲህ ለቅሶ የሚመጣው ሰው ስለ ልጄ መጠየቅ ፈርቶ ስለ ጨርቅ ዋጋ አውርቶ ይሄዳል። ረሂማም ሰግዳ ስትጨርስ ለዱዓ እጇን ታነሳና ለልጇ ምን ብላ እንደምትለምን ይጠፋታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ሞትስ የሁላችን ነው።

እንግዲህ ሰአዳ እያጠበቻት ሳለ ግራ እጇ ላይ ስትደርስ ቆመች። ለኢድ ሴቶቻችን ሂና ይቀባሉ። ሀፍሷ ግራ እጇን ከጣቶቿ ጫፍ እስከ አንጓዋ በአበባ አስጊጣ ጨርሳ ነበር፤ ቀኝ እጇ ገና ባዶ ነው። ሰአዳም «ይቺ ልጅ ለበዓል እየተሰናዳች ነው የሞተችው» አለች። ሂና እስኪደርቅ ድረስ እንደ ሊጥ ነው፤ የነካውን ሁሉ ይቀባል፣ የቀባውንም ውሃ አያስለቅቀውም። የሀፍሷ አንጓ ላይ ያለው አበባ ተጨፍልቆ፣ የአምስት ጣት ስፍራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ረሂማ የልጇን ቀኝ እጅ አምጥታ ለካችበት፤ አልገጠመም፤ ጣቶቹ የትልቅ ሰው ናቸው። ሂናው እርጥብ ሳለ አንጓዋን ጨምቆ የያዛት ሰው ነበር ማለት ነው። ክቡር ሆይ፣ ናፍቆት ደግሞ ጣት የለውም። ፎቶ አንስተን በሁለተኛው ደብዳቤ ልከንልዎ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ሰገነቱ። ጎረቤቴ ሽኩር ጨርቅ ሊያመጣ ወደዚያው ከተማ ስለሚመላለስ ሕንፃውን አይቶልን መጥቷል። የሰገነቱ አጥር የሽኩርን ደረት ይደርሳል፤ ሽኩር ደግሞ ረጅም ሰው ነው። ሀፍሷ እኔ ሱቅ ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ለማውረድ በርጩማ ላይ ካልቆመች አይሆንላትም ነበር። ሽኩር እንደነገረኝ ከቢሮዎ እስከዚያ ሕንፃ በእግር ይኬዳል። ሙቀቱ ከባድ መሆኑን ስለምንረዳ ሰገነቱን ወጥተው ባለመለካትዎ አንፈርድብዎትም።

የምንለምንዎ ብዙ አይደለም። ፋይሉ ተከፍቶ ይመርመር፤ ያቺ መስመርም ትሰረዝ፤ እናቷ ቀና ብላ ዱዓ ታድርግላት። ጉዳዩ መዘጋቱን በጸሐፊዎ በኩል በስልክ ስለነገሩን እናመሰግናለን፤ ሳይከፈት የተዘጋ ነገር በእርስዎ ቢሮ አየን።

ልጄን ሳያውቋት ላሳደጉልኝ፣ ሳይመረምሩ ለፈረዱልኝ፣ ሳንጠይቅዎም ሳጥን ላሸጉልን ለክቡርነትዎ፣ ከጫማዬ ጫፍ እስከ ቆቤ ድረስ ዝቅ ብዬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባህረዲን፣ የሀፍሷ አባት
መርካቶ፣ ጥቅምት 2005 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሂና በሕያው ሰው እጅ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም፤ የሞተ እጅ ግን እንደያዘው ይቀራል። ስለዚህ ልጄን የያዛት ሰው መዳፍ ዛሬ ንጹሕ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሄደው ይዩልን ብለን አናደክምዎም። ነገር ግን በመግለጫዎ መጨረሻ ላይ፣ በኢድ ዕለት ጠዋት አሰሪዋ ቤት ድረስ እንደሄዱና ሰውዬው እጅዎን ጨብጦ በክብር እንደተቀበለዎ ጽፈዋል። የዚያን ቀን የጨበጡት መዳፍ ቀለሙ ምን ይመስል ነበር?